ወተቴን ያተረፈልኝን ቴክኒሺያን ላመስግን፣ ለእናንተም ልጠቁም

ሰላም ወገኖቼ። ዛሬ የማመሰግነው ሰው አለ። ጥቆማም ስለሆነ ትንሽ ዘርዘር አድርጌ እጽፈዋለሁ። ወተት የምታቀነባብሩ፣ ሳሙና የምታበስሉ፣ ዳቦ ቤት ያላችሁ፣ ጫጩት የምታስፈለፍሉ፣ በአጠቃላይ ሙቀት የሚቆጣጠር ኮንትሮለር ግድግዳችሁ ላይ የተገጠመ ሁሉ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ደብረ ብርሃን ውስጥ አነስተኛ የወተት ማቀነባበሪያ አለችኝ። 300 ሊትር የሚይዝ ባለ ሁለት ግድግዳ ታንክ አለን። በግድግዳዎቹ መሀል ውሃ አለ። ውሃውን 6 ሂተሮች ያሞቁታል፣ ውሃው ደግሞ ወተቱን ያሞቀዋል። ወተቱ 63 ዲግሪ ደርሶ እዚያው ላይ 30 ደቂቃ መቆየት አለበት። ከዚያ ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ ይታሸጋል። ሥራችን ይኸው ነው። የሳንባ ነቀርሳውም፣ ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፈው የብሩሴሎሲስ በሽታ ጀርምም የሚሞተው በዚያች ግማሽ ሰዓት ውስጥ ነው።

አምና የድሮውን በእጅ የሚዞር ቴርሞስታት አስነቅዬ ዲጂታል ኮንትሮለር አስገጠምኩ። የገጠመልኝ ሰው ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ጨርሶ፣ ገንዘቡን ተቀብሎ ሄደ። ቁጥሩ በቀይ ጎልቶ ይታያል። ዲጂታል ነው ብዬ አምኜ ተቀመጥኩ።

ከዚያ በኋላ ነው ጣጣው የመጣው። ወተቱ ቶሎ መቆምጠጥ ጀመረ። አራት አምስት ቀን ይቆይ የነበረው በሁለተኛው ቀን ይመለስብኛል። ሱቆች ደወሉ። አንድ የቆየ ደንበኛዬ «እትዬ፣ ምን ነካችሁ?» ብሎ ከነጭራሹ አቆመ። እኔ ማቀዝቀዣውን ጠረጠርኩ፣ አሠራሁት። ላስቲኩን ጠረጠርኩ፣ ለወጥኩት። ከሁሉ የሚቆጨኝ ግን ወተት የሚያመጡልኝን ገበሬዎች መውቀሴ ነው። በወተት መለኪያው ምንም እንከን ሳላገኝባቸው «ያደረ ወተት እየቀላቀላችሁ ነው» አልኳቸው። ሌሊት ተነስተው፣ በዚያ ብርድ፣ ጣሳ ተሸክመው ለሚመጡ ሰዎች ይህ ከባድ ቃል ነው። በኋላ አንድ በአንድ ይቅርታ ጠይቄያቸዋለሁ።

ኮንትሮለሩ ተበላሽቷል ብዬ አዲስ ልገዛ ስዘጋጅ አንድ ዘመዴ ይህንን ልጅ ላከልኝ። ስሙን እዚህ እንዳላወጣ ለምኖኛል፣ ስለዚህ «ልጁ» እያልኩ እቀጥላለሁ። ፋብሪካ ውስጥ የኢንስትሩመንት ቴክኒሺያን ሆኖ ይሠራል። በእረፍት ቀኑ ነው የግል ሥራ የሚይዘው።

ሲመጣ ፓናሉን (ኮንትሮለሩ የተገጠመበትን የኤሌክትሪክ ሳጥን) ይከፍታል ብዬ ነበር። አልከፈተም። መጀመሪያ የጠየቀኝ «በረዶ ይገኛል?» ብሎ ነው። ማቀዝቀዣ ውስጥ በረዶ ነበረን። በፎጣ ጠቅልሎ በመዶሻ አደቀቀው። ቴርሞስ ውስጥ ሞላው፣ ንጹሕ ውሃ ጨመረበት፣ በማንኪያ አማሰለው። ከዚያ ሴንሰሩን ከታንኩ አውጥቶ እዚያ ውስጥ ነከረውና ዝም ብሎ ጠበቀ። በረዶና ውሃ አንድ ላይ ሲሆኑ ሙቀታቸው 0 ነው፤ የትም አገር፣ የትም ከፍታ። ቁጥሩ እየወረደ፣ እየወረደ መጥቶ ቆመ።

9.5 ይላል።

እኔ ትርጉሙ አልገባኝም። ልጁ ግን ፊቱ ተለወጠ። «እትዬ፣ ይሄ ኮንትሮለር 63 ሲል ወተቱ 53 ተኩል ላይ ነው ያለው» አለኝ። ቁጭ አልኩ። ያን ሁሉ ወራት ወተቱን ለብ እያደረግን ነበር ማለት ነው። በ53 ዲግሪ የሚሞት ጀርም አለ፣ የማይሞት ግን ብዙ ነው። ሕዝባችን ወተት አፍልቶ የመጠጣት ልማድ ስላለው ፈጣሪን አመሰገንኩ።

ከዚያ ወደ ኮንትሮለሩ ሜኑ ገባ። ሴንሰሩ የሚያነበው ላይ የሚደመር ወይም የሚቀነስ ኦፍሴት የሚባል ቦታ አለ። እዚያ 8 ተሞልቶ ተገኘ። ልጁ ቁጥሩን አይቶ ትንሽ አሰበና ጠየቀኝ፤ «ገጣሚው ሴንሰሩን የፈላ ውሃ ውስጥ ከትቶት ነበር?» እውነትም ነበር። ሠራተኛዬ ታስታውሳለች። ምድጃ ላይ ድስት ጥዶ፣ ውሃው ሲንተከተክ ሴንሰሩን ከትቶ፣ «አሁን 100 ማለት አለበት» ብሎ አስተካክሎት ነበር።

ደብረ ብርሃን ላይ ውሃ 100 ዲግሪ አይደርስም። ከተማችን ከባሕር ወለል ወደ 2,800 ሜትር ከፍ ያለች ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ውሃ 90 ተኩል ገደማ ላይ ይፈላል። አዲስ አበባም ቢሆን 92 አካባቢ ነው። 100 የሚባለው ለባሕር ዳርቻ ነው። ሰውየው የሠራው ስህተት ይኸው ነበር። እውነቱን የሚናገረውን ሴንሰር እንዲዋሽ አደረገው። ደጋ አገር ያላችሁ፣ ሴንሰራችሁ በፈላ ውሃ የተስተካከለ ከሆነ ዛሬውኑ በበረዶ አስፈትሹት።

ልጁ ኦፍሴቱን ወደ 0 መለሰው። በረዶው ውስጥ አሁንም 1.5 ይላል። ሌላ ሰው ቢሆን 1.5 ቀንሶ ይሄድ ነበር። እሱ ግን «ከየት መጣ?» ብሎ ገመዱን ተከተለ። ሴንሰራችን ፒቲ 100 የሚባለው ነው። በ0 ዲግሪ 100 ኦኽም ሬዚስታንስ (ኤሌክትሪክ እንዳያልፍ የመቋቋም አቅም) አለው፣ በየዲግሪው ወደ 0.385 ኦኽም ይጨምራል። ከሴንሰሩ ሦስት ሽቦ ይወጣል። ሦስተኛው ሽቦ የገመዱ የራሱ ሬዚስታንስ እንዲቀነስ የሚያደርግ ነው። የእኛ ገጣሚ ግን ታንኩ ጋ በሁለት ሽቦ ገመድ ቀጥሎ፣ ኮንትሮለሩ ላይ ሦስተኛውን ቀዳዳ በቁራጭ ሽቦ አገናኝቶት ነበር። 12 ሜትር ገመድ ነው። የዚያ መዳብ ሬዚስታንስ እንደ ሙቀት ተቆጥሮ ነው 1.5 ዲግሪ የሆነው። በመልቲሜትር ለክቶ አሳየኝ። ባለ ሦስት ሽቦ ሺልድ (ከሌላ ገመድ የሚመጣን ረብሻ የሚከላከል የብረት ሽፋን) ያለው ገመድ ዘርግቶ፣ ከሂተሮቹ ገመድ አርቆ፣ ሺልዱን በአንድ ጫፍ ብቻ አሰረው። በረዶው ውስጥ 0.1 ሆነ። ኦፍሴቱን አልነካውም።

አንድ ዲግሪ ምን ያደርጋል የሚል ካለ፣ ልጁ የነገረኝን ልንገራችሁ። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1956 ወተት ለ30 ደቂቃ የሚሞቅበትን ዝቅተኛ ልክ ከ61.7 ወደ 62.8 ከፍ አድርገውታል። ለአንዲት ዲግሪ ነው። ኪው ፊቨር የሚባለውን በሽታ የሚያመጣው ባክቴሪያ በፊተኛው ሙቀት እንደሚተርፍ ስለታወቀ።

አሁን ቁጥሩ እውነት ሆነ። ሌላ ችግር ግን ወጣ። 63 ላይ ሂተሮቹ ጠፉ፣ ሙቀቱ ግን 70 ድረስ ሄደ። ሂተሩ ቢጠፋም በግድግዳዎቹ መሀል ያለው ውሃ ገና ትኩስ ነውና። 70 ሲያልፍ ወተቱ የመቃጠል ጣዕም ይይዛል፣ ለቺዝም በደንብ አይረጋም። በጾም ወራት ደግሞ የሚያኖረን ቺዙና ቅቤው ነው፤ ትኩስ ወተት ያኔ ገዢ የለውም።

ኮንትሮለሩ ፒአይዲ የሚባለውን ሥራ የሚችል ሆኖ፣ የተገጠመው እንደ ተራ ማብሪያ ማጥፊያ ነበር። ልጁ ለሠራተኛዬ ሲያስረዳት ሰምቼዋለሁ። «እንጀራ ስትጋግሪ ምጣዱ እስኪቃጠል ጠብቀሽ ነው እንጨት የምታወጪው?» አላት። «ኧረ ቀድሜ ነው» አለችው። «ይሄም እንደዚያ እንዲያስብ ነው የምናደርገው። ስንት ዲግሪ እንደቀረው ያያል፣ ለስንት ጊዜ ሳይደርስ እንደቆየ ይደምራል፣ በምን ፍጥነት እየቀረበ እንደሆነም ይለካል» አላት። እኔ መጽሐፍ ባነብ እንደዚህ አይገባኝም ነበር።

ታንኩን በውሃ ሞልቶ ኦቶ ቱን አስጀመረ። ኮንትሮለሩ ራሱ ሂተሩን እያበራ እያጠፋ፣ ታንኩ እንዴት እንደሚሞቅና እንደሚቀዘቅዝ ያጠናል፣ ከዚያ ሦስቱን ቁጥሮች ያወጣል። ረጅም ጊዜ ፈጀ። ልጁ ግን የትም አልሄደም። ማስታወሻ ደብተሩ ላይ በየሁለት ደቂቃው ሙቀቱን ይጽፋል። ሲያልቅ ከልኩ አሁንም በትንሹ አለፈ፣ በእጁ አስተካከለው። በማግስቱ ከሌሊቱ 11 ሰዓት መጥቶ በእውነተኛ ወተት ሞከረው። ልኩን 64.5 ላይ አድርጎልን ነበር፣ ጥቂት መጠባበቂያ እንዲኖረን። 64.7 ደረሰ፣ ተመለሰ፣ ቆመ። ሠራተኞቼ አጨበጨቡ።

ከሥራው ሁሉ ደስ ያለኝ ስለ አደጋ ማሰቡ ነው። ለፒአይዲ ቶሎ ቶሎ ማብራትና ማጥፋት ስለሚያስፈልግ፣ ሂተሮቹን የሚያበራና የሚያጠፋው፣ ቷ ቷ የሚለው ኮንታክተር ቶሎ ያልቃል። በሶሊድ ስቴት ሪሌይ (የሚንቀሳቀስ አካል በሌለው ኤሌክትሮኒክ ማብሪያ) ተካው፣ ሙቀት ማስወገጃ አሉሚኒየምም አደረገለት። «ግን ይሄ ሲበላሽ ብዙ ጊዜ እንደበራ ነው የሚቀረው» ብሎ አስጠነቀቀኝ። ስለዚህ ኮንታክተሩን አልጣለውም፣ ከኋላው አቆየው። የውሃው ሙቀት ከልክ ካለፈ ለብቻው የቆመ ቴርሞስታት ያንን ኮንታክተር ይቆርጠዋል። ከዚያ ፊታችን ላይ የሴንሰሩን ሽቦ ነቀለ። ስክሪኑ ስህተት ጻፈ፣ ሂተሮቹ ወዲያው ጠፉ። «አሁን አመንኩት» አለ።

መብራት መጥፋትማ የእኛ ኑሮ ነው። በፊት ሠራተኛዋ በስልኳ ሰዓት ነበር 30 ደቂቃውን የምትቆጥረው። መብራት ሲጠፋ የቱ ጋ እንደደረሰች ይምታታባታል። ልጁ ከኮንትሮለሩ አላርም ወደ አንድ ታይመር ሽቦ ዘረጋ። ወተቱ ከ63 በላይ ሲሆን ታይመሩ ይጀምራል። ከዚያ በታች ከወረደ፣ ወይም መብራት ከጠፋ፣ ከ0 ይጀምራል። ሲጨርስ ይጮኻል። አሁን ማንም አይገምትም፣ ማንም አይጨቃጨቅም።

ከመሄዱ በፊት የሞላቸውን ቁጥሮች ሁሉ በአማርኛ ጽፎ በፓናሉ በር ውስጥ ለጠፈ። ሜኑውን በኮድ ቆለፈ፣ ኮዱንም ለእኔና ለሠራተኛዬ ሰጠን። ይህን የማያደርጉ ብዙ ናቸው፤ ኮዱን ይዘው ይሄዱና ለትንሿም ነገር ጠርታችሁ እንድትከፍሉ ያደርጋሉ። አዲስ ኮንትሮለር ለመግዛት ገንዘብ ይዤ እየጠበቅኩት «ዕቃው ደህና ነው፣ ገንዘብዎን አያባክኑ» ያለኝ ሰው ነው። የእጁ ዋጋ ከአዲሱ ኮንትሮለር ዋጋ አልደረሰም። የገዛቸውን ዕቃዎች ደረሰኝ ሁሉ አስረክቦኛል።

ናሙና ወስደን ፎስፋታዝ የሚባለውን ምርመራ አስደረግን። ፎስፋታዝ ጥሬ ወተት ውስጥ ያለ ኢንዛይም ነው፤ ወተት በትክክል ፓስቸራይዝ ሲሆን፣ ማለትም ጀርሙ በሙቀት ሲገደል፣ ይጠፋል። ውጤቱ ንጹሕ ሆኖ መጣ። ወተታችን እንደ ድሮው ቀኑን ይቆያል። ያቆመው ደንበኛዬም ተመልሷል።

ልጁን ለምትፈልጉት እውነቱን ልናገር። ስልክ ቶሎ አያነሳም፣ ሥራ ላይ ነው። መልእክት ላኩለት፣ ማታ ይመልሳል። የሚመጣውም ቅዳሜና እሁድ ነው፣ ወረፋ አለው። ተቸኩሎ በአንድ ሰዓት የሚያልቅ ሥራ ከፈለጋችሁ እሱ አይሆናችሁም። አዲስ አበባና አካባቢዋ ድረስ ይሄዳል። ቁጥሩን በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ ፈቅዶልኛል።

አንተ ደግሞ ይህን ካነበብክ፣ እጅህ ይባረክ ልጄ። ያን ቀን ሻይ እንኳ ቆመህ ነው የጠጣኸው። ጾሙ ሲፈታ ና፣ አንተ ባስተካከልከው ታንክ የተሠራ የመጀመሪያው ቺዝ ሳይቆረጥ ተቀምጦልሃል።