ቬስፓ አልነሳ ሲል፦ ካንዴላ ወይስ ካርቡራተር?

አሮጌ ቬስፓ ጠዋት ደጋግመው ቢረግጡትም አልነሳ ሲል ብዙ ሰው እጁን የሚሰደው ቤንዚንና አየር ወደሚቀላቅለው ካርቡራተር ነው። እኔ ግን ሁልጊዜ ነዳጁን በብልጭታ ከሚያቀጣጥለው ካንዴላ እጀምራለሁ።

ካንዴላ ለመፍታት አንድ ቁልፍና ጥቂት ደቂቃ ይበቃል፤ ጫፉም ወዲያውኑ ይናገራል። ደርቆ ከወጣ ቤንዚን ወደ ሲሊንደሩ አልደረሰም። ርሶ ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ ደግሞ ነዳጁ ደርሷል፤ የጎደለው እሳት ነው፣ ወይም ነዳጁ በዝቶ አፍኖታል። ጠርጎና አድርቆ ከገመዱ ጋር ማያያዝ፣ የካንዴላውን ብረት ከወጣበት ቀዳዳ ራቅ አድርጎ ከሞተሩ አካል ጋር ማስነካት፣ ከዚያ መርገጥ ነው። ሰማያዊ ብልጭታ ጠንከር ብሎ ከታየ እሳቱ ደህና ነው፤ ቢጫና ደካማ ከሆነ አዲስ ካንዴላ ይሞከር። ብረቱን በባዶ እጅ መያዝ ግን አደራ፣ ክፉኛ ይነዝራል!

ካርቡራተር የሚፈታው በአብዛኛው ካንዴላው ደረቅ ሲሆን ነው፤ ያውም ጋኑ ቤንዚን እንዳለውና የነዳጁ መክፈቻ ክፍት መሆኑ ከታየ በኋላ። ለወራት በቆመ ሞተር ውስጥ ቤንዚኑ እንደ ሙጫ ረግቶ ቀጭኗን የነዳጅ ማሳለፊያ ቀዳዳ ይደፍናታል። በሽቦ መጎርጎር ያሰፋታል፤ በቤንዚን አጥቦ በአየር መንፋት ይሻላል።