ጣና ላይ ማርሽ አልወጣ ሲል፦ የባሕር ዳር ጉዟችን

እናቴ ከሚኒሶታ ስትነሣ የያዘችው አንድ ስለት ነበር። ለዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ጃንጥላ። እኔ ደግሞ አመሌን ይዤ ነው የሄድኩት፤ የተጠቀምኩበትን አገልግሎት ሁሉ መጻፍ። ለሚመጣ ሰው ይጠቅማል እላለሁ። ስለ በረራውና ስለ ሆቴሉ ቶሎ ልለፍ። ጉዱ ያለው ጀልባው ላይ ነው።

ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በረራው አንድ ሰዓት ገደማ ነው። በሰዓቱ ተነሥቶ በሰዓቱ ደረሰ። ሆቴሉ አልጋው ንጹሕ፣ ቁርሱ ጥሩ፣ ሙቅ ውኃው እንደ ዕድልህ። ማታ ሐይቁ ዳር የበላነው የቆሮሶ ዓሣ ጥብስ ግን አሁንም አፌ ላይ አለ። ዋጋ አልጽፍም። ብር ሐምሌ 2016 ገበያ ላይ ከተለቀቀ ወዲህ የዛሬ ዋጋ ለሚቀጥለው ወር አይሠራም። ክፍያ ግን ብዙ ቦታ በቴሌብር ይሄዳል፤ ብዙ ጥሬ ብር ተሸክማችሁ አትዙሩ።

ጀልባውን የተከራየነው ከአንድ ማኅበር ነው። ውሉ ለግማሽ ቀን ነው፤ ዘጌ ደርሶ መልስ፣ ስንመለስ ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበት ጋ ጉማሬ ካለ ማየት። ክብራን ገብርኤልን ተውነው። እዚያ ሴት አትገባም። እናቴን ጀልባ ላይ አስቀምጬ ብቻዬን ብሳለም ኖሮ ይቺን ጽሑፍ የሚጽፋት ሌላ ሰው ነበር።

ካፒቴኑ ወጣት ነው። ሳንጠይቀው ላይፍ ጃኬት አመጣ። "እማማ፣ ይሄን ካላሰሩ አልነሣም" ብሎ ራሱ አሰረላት። ይሄ ነጥብ ያስገኝለታል። ነጥብ የሚያስቀንሰው፣ የልጅ ጃኬት አለመኖሩና መቅዘፊያው አንድ ብቻ መሆኑ ነው። ጀልባው ቀስ ይላል ብላችሁ ግን አትማረሩ። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው፤ እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ሳስቶ ሞተር ሙሉ ጉልበቱን አይሰጥም።

ዘጌ ጀልባ ማቆሚያው ጋ ስንቃረብ ካፒቴኑ የማርሹን እጀታ ወደ ፍሪ መለሰው። ጀልባው መሄዱን ቀጠለ። የኋላ ማርሽ አስገባ። አሁንም ወደፊት! ያኔ ሞተሩን አጠፋው፤ በትክክል ነው ያደረገው። ረዳቱ በመቅዘፊያው ድንጋዩን ገፋ አድርጎ አለዘበው። ጓ! ብለን ቆምን። የተጎዳ የለም። እናቴ "እሷ ናት ያቆመችን" አለች፤ ወደ ላይ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ እያየች።

ስሕተቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ካፒቴኑ እጀታውን ፍሪ ላይ አድርጎ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ተነሣ፤ ጀልባውም ዘለለ። ገመዱን ይዞ የቆመው ረዳት ውኃ ውስጥ ሊገባ ለጥቂት ነው የተረፈው። "አጥፋው!" ብዬ ጮህኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚህ ዓይነት፣ ሞተሩ ከኋላ በተሰካበት ጀልባ፣ ማርሽ ገብቶ ሞተር እንዳይነሣ የሚከለክለው ስዊች ካፒቴኑ ፊት ያለው የእጀታው ሳጥን ውስጥ ነው። ስዊቹ የሚያውቀው እጀታው የት እንዳለ ብቻ ነው። ኋላ ያለው ሞተር ማርሽ ውስጥ ይሁን አይሁን አያይም። እጀታው ፍሪ ላይ ከሆነ "ፍሪ ነው" ብሎ ያስነሣል። ስለዚህ ማርሽ አልወጣ ያለ ጀልባን ደግሞ አስነሥቶ መሞከር የለም። ቁልፉን ነቅሎ ኪስ ውስጥ ማድረግ ነው።

ይሄን የማውቀው ጎበዝ ስለሆንኩ አይደለም። ሚኒሶታ ያገለገለ ትንሽ ጀልባ አለኝ። ስተርንድራይቭ ይሉታል፤ ሞተሩ ጀልባው ውስጥ ይቀመጥና ካምቢዮውና ፕሮፔለሩ ከኋላ ግድግዳው ውጪ ይንጠለጠላሉ። መርክሩዘር አልፋ ዋን ነው። ባለፈው በጋ እንዲሁ ማርሽ ላይ ተቸከለብኝ። ወስጄ ያሳየሁት ጋራዥ "ካምቢዮው ወርዶ ይፈታ" ብሎ የሚያስደነግጥ ዋጋ ጠራልኝ። የኋላ ኋላ በሽታው ሽቦው ሆኖ ተገኘ። ከሞተሩ ተነሥቶ ግድግዳውን አልፎ ወደ ካምቢዮው የሚወርደው የማርሽ ሽቦ ላስቲክ ሽፋን አለው። ላስቲኩ ሲቀደድ ውኃ ይገባል፤ ሽቦው ይዝጋል፣ ይደርቃል። ከዚያ ወዲያ እጀታ መጎተት በሬ መጎተት ነው።

ስለዚህ ዘጌ ላይ አፌን ከፈትኩ። እምቦጭ ተጠምጥሞበት ይሆናል አለ ካፒቴኑ። እምቦጭ ጣና ላይ ከታየ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የጀልባ ሁሉ ጠላት ነውና ቢጠረጥር አይፈረድበትም። ግን እምቦጭ ፕሮፔለር ያንቃል እንጂ ማርሽ አይቆልፍም። አጎንብሰን አየን፤ ፕሮፔለሩ ላይ ምንም የለም። ካፒቴኑ ደወለ። "መካኒክ በሌላ ጀልባ ይመጣል፤ እናንተ ወጥታችሁ ተሳለሙ፣ ኃላፊነቱ የኛ ነው" አለ። አልተጨቃጨቀም፣ ሰበብም አልደረደረም።

በቡናው ጫካ መሐል ወጣን። መንገዱ ለጉልበት ይከብዳል፤ ዘንግ የሚያከራዩ ልጆች አሉ፣ ለእናቴ ወሰድን። ኡራ ኪዳነ ምሕረት ክብ ናት። የመቅደሷ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው። አስጎብኚው ሥዕሎቹን አንድ በአንድ አስረዳን፣ አልቸኮለም። ስለቱ ገባ። እናቴ አለቀሰች። ስንወርድ የዘጌን ቡና ጠጣን፤ ሦስተኛዋ ስኒ ላይ ሳለን የመካኒኩ ጀልባ ደረሰ።

መካኒኩ ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው። እኔ ቀድሜ ዘለልኩ። "ጋሼ፣ ማርሽ ሲወጣ ሞተሩን ለቅጽበት የሚያቋርጠው ትንሿ ስዊች ትሆን?" አልኳቸው። ስተርንድራይቬ ላይ አለች፤ የካምቢዮው ጥርሶች ጫና ቀሎላቸው እንዲላቀቁ ታደርጋለች። ሳቁ። "ወንድሜ፣ ያልከው እዚህ ሞተር ላይ የለም። ና ያዝልኝ" አሉና ፒንሳ ሰጡኝ። ዲያስፖራነቴን እዚያው ዋጥኩት።

ሥራቸው ግን ያምራል። መጀመሪያ ቁልፉን ከካፒቴኑ ተቀበሉ። የሞተሩን ክዳን አነሡ። የማርሹን ሽቦ ጫፍ ሞተሩ ላይ ካለው ማንሻ ፈቱት። ከዚያ ረዳቱ ፕሮፔለሩን በእጁ ቀስ እያለ እንዲያዞር አዘዙትና ማንሻውን ራሳቸው ገፋ አደረጉት። ቀጭ! ፍሪ ገባ። እንደገና ገፉት፤ የኋላ ማርሽ። መለሱት፤ ወደፊት። ፕሮፔለሩ የሚዞረው የካምቢዮው ጥርሶች ፊት ለፊት ተደቅነው እንዳይገታተሩ ነው። "ካምቢዮው ጤነኛ ነው፤ የታመመው ሽቦው ነው" አሉ።

በቃ፣ ምርመራው ይሄው ነው። ስተርንድራይቭም ሆነ ከኋላ የሚሰካ ሞተር፣ ሽቦውን ፈትተህ በሽታውን ለሁለት ትከፍለዋለህ። ማንሻው በእጅ ከታዘዘ ጥፋቱ ሽቦው ወይም እጀታው ጋ ነው። ካልታዘዘ ከታች ነው፤ ያኔ ስተርንድራይቭ ላይ መጀመሪያ ወደ ካምቢዮው የሚወርደው ሽቦ፣ ከዚያ የካምቢዮ ዘይት ይታያል። ዘይቱ እንደ ወተት ከነጣ ውኃ ገብቷል፤ የብረት ፍርፋሪ ከያዘ ኪስህን አዘጋጅ። ሚኒሶታ ያለው ጋራዥ ይቺን የአሥር ደቂቃ ሥራ አልሠራም ነበር።

ሽቦውን ስናየው ጫፉ ዝጎ ከልባሱ ጋር ተጣብቋል። ልባሱን ሞተሩ ላይ የሚይዘው ማሰሪያም ተሰብሯል። እጀታው ሲጎተት የሚንቀሳቀሰው ልባሱ ብቻ ነበር፤ ውስጡ ያለው ሽቦ ንቅንቅ አላለም። እጀታው ፍሪ፣ ሞተሩ ወደፊት የሆነው ለዚህ ነው። ካፒቴኑ ሲጠየቅ "ሰሞኑን እጀታው ጠንክሮብኝ ነበር" አለ። መካኒኩ ምንም አላሉትም። ዝም ብለው አዩት። እኔ ብሆን ከስድብ ያን ዝምታ እፈራለሁ።

መለዋወጫ ሽቦ አልነበረም። መመለሻው እንዲህ ሆነ። የነዳጁ ሽቦ ሌላ ስለሆነ ካፒቴኑ ከፊት መሪና ነዳጅ ያዘ። መካኒኩ ኋላ ተቀምጠው ማርሹን በእጃቸው ያስገባሉ። "ፊት!" ሲል ያስገባሉ፣ "ፍሪ!" ሲል ያወጣሉ። ያውም ሞተሩ ዝቅ ብሎ ሲሠራ ብቻ፣ ደግሞ በአንድ ቆራጥ ግፊት። በዝግታ ከገፉት ጥርሱ ይፋጫል። እናቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ "ሁለት ሹፌር አለው እንዴ?" አለችኝ።

ጉማሬ አላየንም። በዚያ ሁኔታ ዓባይ መውጫ ጋ መሄድ አልፈለግኩም፤ እነሱም አልገፉኝም። ባሕር ዳር ስንደርስ ማኅበሩ የመካኒክ ሒሳብ አልጠየቀንም። ላልሄድንበትም በማግስቱ ሌላ ጀልባ በነጻ ሰጡን፤ ጉማሬዋንም አየናት፣ ጆሮዋን ብቻ። ለመካኒኩ ከኪሴ ሰጠሁ። ሁለት ጊዜ እንቢ ብለው በሦስተኛው ተቀበሉ።

ከአምስት አራት እሰጣቸዋለሁ። አንዱን የቀነስኩት ለመቅዘፊያውና "ሰሞኑን ጠንክሮብኝ ነበር" ለሚለው ነው። እናንተ ስትሄዱ ገና ገመድ ሳይፈታ ካፒቴኑን ፊት፣ ፍሪ፣ ኋላ አስገብተህ አሳየኝ በሉት። አይቀየማችሁም። እጀታውን በሁለት እጁ ከጎተተ ሌላ ጀልባ ጠይቁ።

ከመለያየታችን በፊት መካኒኩ የድሮውን ሽቦ አምጥተው ልባሱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ፎቶ እንዳነሣ አደረጉኝ። ርዝመቱ ነው። "ሰው ሲመጣ ሁለት ላክልን፤ አንዱ መጠባበቂያ" አሉ። እናቴ ወዲያው ተቀበለች። "ለፋሲካ እኔው እመጣለሁ" አለች። ሽቦዎቹን ገዝቻለሁ። እንደ ጅራፍ ተጠቅልለው በሯ ሥር ተቀምጠዋል፤ ከሻንጣዋ ምን እንደሚወጣ ግን እስካሁን አልተስማማንም።