የስቴፕቼንጅ የክፍያ ፕላን ጥሩ ነው፣ ዕዳ ሰብሳቢዎችን ግን ከስልካችሁ አያጠፋም

እንግሊዝ አገር የክሬዲት ካርድና የባንክ ብድር አልገፋ ብሎኝ፣ ስቴፕቼንጅ በሚባለው ድርጅት በኩል በቅናሽ የመክፈያ ፕላን እየከፈልኩ ነው። ዲኤምፒ ይሉታል። ስሙን የሰማ ሐበሻ ብዙ ነው። እንዴት እንደሚሠራ የሚጠያየቅ ግን የለም፣ ስለ ዕዳ እርስ በርስ አናወራማ። አገልግሎቱን ወድጄዋለሁ፣ ለሰውም እመክራለሁ። ግን አንድ ነገር ቀድማችሁ ካላወቃችሁ ገና በመጀመሪያው ወር ደንግጣችሁ ፕላኑን ታበላሹታላችሁ። ፕላን ገባችሁ ማለት ሰብሳቢዎች መደወል አቆሙ ማለት አይደለም።

ስቴፕቼንጅ የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ኮንሲውመር ክሬዲት ካውንስሊንግ ሰርቪስ ተብሎ ተጀመረ፣ የአሁኑን ስም የያዘው በ2012 ነው። ከእናንተ አምስት ሳንቲም አይወስድም። ታዲያ በምን ይኖራሉ ለሚል፣ ከገንዘባቸው ብዙው ከአበዳሪዎቹ የሚመጣ ነው፣ እናንተ የምትከፍሉት ግን ሙሉ በሙሉ ከዕዳችሁ ላይ ይቀነሳል። ይህንኑ ሥራ ለመሥራት በየወሩ ከክፍያችሁ ላይ የሚቆርጡ የግል ድርጅቶችም አሉ። በነጻ የሚሠራ እያለ ለነሱ መክፈል ገንዘብ መጣል ነው። ፔይፕላንም በነጻ ይሠራል። ምክር ብቻ ለሚፈልግ ደግሞ ናሽናል ዴትላይን አለ።

ሥራው የሚጀምረው ገቢና ወጪን በመጻፍ ነው፣ በስልክም በኢንተርኔትም ይሆናል። ቅጹ በእንግሊዝኛ ስለሆነ የሚከብደው ሰው የሚያምነውን ሰው አጠገቡ አስቀምጦ ቢሞላ ይሻላል። ኪራይ፣ ምግብ፣ መብራት፣ ትራንስፖርት፣ የልጆች ወጪ ከተቀነሰ በኋላ የሚተርፈው ለአበዳሪዎቹ እንደየዕዳቸው መጠን ይከፋፈላል። እናንተ በወር አንድ ጊዜ ትከፍላላችሁ፣ ማከፋፈሉ የነሱ ሥራ ነው። የኪራይ፣ የካውንስል ታክስና የመብራት ውዝፍ ግን ከዚህ ተለይቶ ቅድሚያ የሚሰጠው ዕዳ ነው። እሱ ካልተከፈለ የሚመጣው መዘዝ ከክሬዲት ካርድ ጋር አይወዳደርም።

በጀቱ ላይ ለእኛ ሰው የሚከብዱ ሁለት ነገሮች አሉ። አንዱ ወደ አገር ቤት የሚላከው ነው። እሱን ደብቃችሁ የሠራችሁት በጀት ወር ሳይሞላ ይፈርሳል፣ ምክንያቱም እናት መድኃኒት አለቀብኝ ካለች መላካችሁ አይቀርም። ለአማካሪው በግልጽ ንገሩ። አበዳሪዎች ይህ ለምን ሊሉ ይችላሉ፣ ቢሆንም ተነጋግሮ መቀነስ ከመደበቅ ይሻላል። ሁለተኛው ዕቁብ ነው። ዕጣችሁ ገና ካልወጣ የምትጥሉት ቁጠባ ነው፤ ወጥቶላችሁ ከወሰዳችሁ በኋላ የምትጥሉት ግን የሰው ዕዳ ነው። አማካሪው ዕቁብን ላያውቅ ስለሚችል ልዩነቱን ረጋ ብላችሁ አስረዱት።

አሁን ወደ ሰብሳቢዎቹ ልምጣ። ዲኤምፒ በሕግ የሚያስገድድ ውል አይደለም። አበዳሪው ሊቀበለው ይችላል፣ አልቀበልም ሊልም ይችላል፣ ወለዱንም ሊያቆም ወይም ሊቀጥል ይችላል። ደግሞ ከውሉ በታች እየከፈላችሁ ስለሆነ ሒሳቡ ዲፎልት ውስጥ ሊገባ ይችላል፣ ማለትም በውሉ መሠረት አልተከፈለም ተብሎ ይመዘገባል፣ ከዚያ ባንኩ ወይ ሰብሳቢ ይቀጥራል ወይ ዕዳውን በርካሽ ይሸጠዋል። አንድ ቀን ሰምታችሁት የማታውቁት ድርጅት ዕዳችሁን ገዝተናል ብሎ ይጽፍላችኋል። ከቀድሞው ባንክ የመጣ ተመሳሳይ ማስታወቂያ ካለ አመሳክሩ፣ ደብዳቤውን ለስቴፕቼንጅ ላኩ፣ ክፍያውን ወደ አዲሱ ባለገንዘብ ያዞሩታል። ዲፎልት በክሬዲት ፋይላችሁ (የብድር ታሪካችሁ መዝገብ) ላይ 6 ዓመት ይቆያል። ያስፈራል፣ ግን መመዝገቡ ካልቀረ ቶሎ ቢመዘገብ ነው የሚሻለው፣ 6 ዓመቱም ቶሎ ይጀምራል።

እኔ ጋ የደወለው አንዱ ድርጅት ነገሩን ያባባሰው ከዚህ በኋላ ነው። ስሙን አልጠራም። ፕላን ላይ መሆኔን በደንብ ያውቃሉ፣ በየወሩም ገንዘባቸው ይደርሳቸዋል። ግን ሥራ ላይ ሆኜ ይደውላሉ፣ ትንሽ ጨምር ይሉኛል፣ አንዷ ሠራተኛ ጭራሽ ከቤተሰብ ወይም ከጓደኛ መበደር አትችልም ወይ አለችኝ። በጣም ነው የተናደድኩት። ምክንያቱም እኛ ሐበሾች የምንወድቀው እዚህ ጋ ነው፤ ይሉኝታ ይይዘንና ከጓደኛ ተበድረን፣ ወይ ዕቁቡን አስቀድመን ተቀብለን ለሰብሳቢው እንሰጣለን። ፈረንጁ ዝም ይላል፣ አሁን ደግሞ ዕዳው የወንድማችን ሆነ።

ይህ ደግሞ ክልክል ነው። የፋይናንሺያል ኮንዳክት ኦቶሪቲ፣ ማለትም የሰብሳቢዎቹ ተቆጣጣሪ፣ ደንብ አለው። ኑሯችሁን የሚጎዳ ከሆነ በአንድ ጊዜ ወይም በትልልቅ ክፍያ ክፈሉ ብለው መጫን አይችሉም። ተበደሩ ወይም ንብረት ሽጡ ብለው መጫንም አይችሉም። ዕዳችሁን ለሌላ ሰው እናወራለን ብለው ማስፈራራት አይችሉም፣ ይህ በተለይ ቤት ተጋርተን ለምንኖር ሰዎች ትልቅ ነገር ነው። ሲደውሉ የምትሉት አጭር ይሁን፦ በስቴፕቼንጅ በኩል እየከፈልኩ ነው፣ የፕላን ቁጥሬ ይህ ነው፣ ከዚህ በኋላ በጽሑፍ አግኙኝ። የካርድ ቁጥር በስልክ አትስጡ። ለአንዱ ተጨማሪ ከከፈላችሁ በጀቱ ይዛባል፣ ለሌሎቹ የሚደርሰው ይጎድላል።

እኔ ቅሬታዬን በኢሜይል ጻፍኩ፣ የደወሉበትን ቀንና የተባልኩትን ዘርዝሬ። ከዚያ በኋላ ስልኩ ቀርቶ ደብዳቤ ብቻ ሆነ። እንቢ ቢሉኝ ኖሮ ቀጣዩ መንገድ የደንበኞችን ቅሬታ የሚዳኘው ፋይናንሺያል ኦምቡድስማን ነበር። ድርጅቱ መልስ ለመስጠት 8 ሳምንት አለው፣ ካልመለሰ ወይም መልሱ ካላረካችሁ ኦምቡድስማኑ ጋ በነጻ ይኬዳል።

በር ላይ ሰው ቢመጣ ደግሞ ዕዳ ሰብሳቢና ቤይሊፍ (ፍርድ የሚያስፈጽመው ሰው) አንድ አይደሉም። ሰብሳቢው እንደ ማንኛውም ሰው ነው። ቤት የመግባት መብት የለውም፣ ዕቃ መውሰድ አይችልም፣ ሂድ ሲባል መሄድ አለበት። በክሬዲት ካርድ ዕዳ ቤይሊፍ የሚመጣው ፍርድ ቤት ከወሰነ በኋላ ፍርዱ ሳይከፈል ሲቀር ነው።

ስለዚህ ስልኩን ችላ ማለት ይቻላል፣ ፖስታውን ግን በፍጹም። ብዙው ደብዳቤ ወደ ሕግ ልንሄድ እንችላለን የሚል ማስፈራሪያ ነው። ሌተር ኦፍ ክሌም የሚል፣ ማለትም ከክስ በፊት የሚላክ ማስጠንቀቂያ ከመጣ ግን ለመመለስ 30 ቀን ይሰጣችኋል፣ መልሱ ላይ የፕላኑን ወረቀትና በጀታችሁን አያይዙ። ከካውንቲ ኮርት የክስ ቅጽ ከመጣ ደግሞ ጊዜው 14 ቀን ነው። ፕላን ላይ ነኝ ብሎ ቁጭ ማለት አያድንም፣ ዝም ካላችሁ በሌላችሁበት ይፈረድባችኋል፣ ሲሲጄ የሚባለው የካውንቲ ኮርት ፍርድም 6 ዓመት ይመዘገባል። በዚያው ቀን ለስቴፕቼንጅ ደውላችሁ አሞላሉን ጠይቁ፣ በየወሩ የምትከፍሉትን ያንኑ ገንዘብ ለፍርድ ቤቱም አቅርቡ።

ፕላኑ ተዘጋጅቶ እስኪጀምር ትንፋሽ ለሚያስፈልጋችሁ፣ በኢንግላንድና ዌልስ ከግንቦት 2021 ጀምሮ ብሪዚንግ ስፔስ የሚባል አለ። አማካሪው ያስመዘግባችኋል፣ ለ60 ቀን ወለድ ይቆማል፣ ሰብሳቢም ክፈሉ ብሎ መደወል አይችልም። ስኮትላንድ የራሱ ሕግ አለው።

ቅር ያለኝ የፕላኑ ርዝመት ነው። 9,000 ፓውንድ ዕዳ በወር 75 ፓውንድ ሲከፈል ወለድ ባይኖርም እንኳ 10 ዓመት ይፈጃል። 10 ዓመት ሙሉ እነዚህን ደብዳቤዎች መክፈት ማለት ነው። ኢንግላንድና ዌልስ ውስጥ ሆናችሁ፣ ዕዳችሁ ከ50,000 ፓውንድ የማይበልጥ፣ በወር የሚተርፋችሁ ከ75 ፓውንድ ያልበለጠ፣ ቤት የሌላችሁና ሌላም ብዙ ንብረት የሌላችሁ ከሆነ፣ ፕላኑን ከመጀመራችሁ በፊት ስለ ዴት ሪሊፍ ኦርደር ጠይቁ። የማመልከቻው 90 ፓውንድ ከሚያዝያ 2024 ጀምሮ ቀርቷል። አብዛኛውን ጊዜ በ12 ወር ያልቃል፣ በውስጡ የገቡት ዕዳዎችም ይሰረዛሉ። ማመልከቻውን በራሱ በስቴፕቼንጅ በኩል ማስገባት ይቻላል።