ጦርነት ያለበት ፍቅር፣ ጦርነት የሌለበት ፍቅር፦ ስለ አንድ የደብረ ብርሃን መጽሐፍ አከራይ

ደብረ ብርሃን ውስጥ መጽሐፍ የሚያከራዩ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። እኔ ደንበኛ የሆንኩበት ቤት ከሌሎቹ የሚለየው መጽሐፉን ከነሐሜቱ በማከራየቱ ነው። ባለቤቱ በእያንዳንዱ ልብ ወለድ የኋላ ሽፋን ውስጥ ባለ መስመር የደብተር ወረቀት በሙጫ ይለጥፋሉ፤ አንብቦ የሚመልስ ሰው ደስ ካለው የተሰማውን እዚያ ላይ ይጽፋል። ስም አይጠየቅም። ወረቀቱ ሲሞላ ሌላ ይደረብበታል። ከዚህ የተነሣ በብዛት የሚወጡት የፍቅር መጻሕፍት ጀርባቸው ወፍሮ አልዘጋ ብለዋል።

ዋጋውን ላስቀድም። ለአንድ መጽሐፍ በቀን 10 ብር፣ መያዣ 300 ብር ወይም መታወቂያ። ገንዘቡን ማስያዝ ይሻላል፤ በዚህ ጊዜ መታወቂያውን ሱቅ ትቶ መንገድ የሚወጣ ሰው ልቡ ሙሉ መሆን አለበት። ቤቱ ጠባብና ቀዝቃዛ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ በተቀመጠ ከተማ በሩን ከጠዋት እስከ ማታ ከፍቶ መዋል የባለቤቱ ብቻ ጀግንነት ነው፤ መቀመጫ ስለሌለ እኛ ቆመን እንመርጣለን፣ ቆመን እንንቀጠቀጣለን።

መጻሕፍቱ የተደረደሩት በደራሲ ስም አይደለም። በስተቀኝ ያለው መደርደሪያ ላይ በካርቶን ቁራጭ «ጦርነት ያለበት ፍቅር» ተብሎ ተጽፏል፤ በስተግራ ባለው ላይ «ጦርነት የሌለበት»። መካከል ላይ የቆሙትን የንግድና የሥነ ልቦና ምክር መጻሕፍት ባለቤቱ «ለማያፈቅሩ» ይሏቸዋል። አንድ ቀን፣ ጦርነቱ በሬዲዮ ብቻ የሚሰማበትን መጽሐፍ ይዤ «ጋሼ፣ ይኼስ የት ይገባል?» ብላቸው፣ ቀና እንኳ ሳይሉ «ልጁ ከዘመተ ቀኝ፣ ካልዘመተ ግራ» አሉኝ። ከዚህ የተሻለ አመዳደብ እስካሁን አላገኘሁም።

ከቀኙ መደርደሪያ ወረቀቱ በጣም የተጻፈበት የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ነው። ያላነበበ ካለ፦ ጋዜጠኛው ፀጋዬ ኃይለማርያም እጮኛውን ሮማንን አዲስ አበባ ትቶ ደርግ ኤርትራ ውስጥ ላካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ አስመራ ይሄዳል፤ እዚያ ከፊያሜታ ጊላይ ፍቅር ይይዘዋል። በወረቀቱ ላይ ወንዶቹ በሙሉ ማለት ይቻላል ፊያሜታን ያፈቅራሉ። አንዷ ሴት በአረንጓዴ እስክሪብቶ «ሮማንስ? ምን አጠፋች?» ብላ ጽፋለች። ከሥሯ አንዱ «ጦርነት ነው እኮ!» ይላል። ከእሱ ሥር ደግሞ ሌላ እጅ፦ «ጦርነቱ ናቅፋ ነው፤ እሱ ያፈቀረው አስመራ ነው።» ይህችን ባነበብኩ ቁጥር ያልሳቅሁበት ጊዜ የለም።

ክርክሩ እንዲህ ሲጦፍ ይቆይና፣ በድሮ ሰው የተጣራ የእጅ ጽሑፍ፣ መጽሐፉ በ1975 ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ መሰብሰቡንና ደራሲው በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ መቅረቱን የሚናገር አጭር ማስታወሻ ይመጣል። ከዚያ በኋላ ያሉት አስተያየቶች አጠር አጠር ያሉ ናቸው። አንዱ ወጣት እንዲያውም «ከዚህ ወዲያ ስለ ፊያሜታ መከራከር አስጠላኝ» ብሎ ትቶታል። መጽሐፉን ገዝቼ ቤቴ ባነብ ኖሮ ይህን ሁሉ ከየት አገኘዋለሁ?

በአምስቱ የወረራ ዓመታት ላይ የተጻፉት የአርበኛ የፍቅር ታሪኮች ግን እዚህ አገር ፈተና ይበዛባቸዋል። ራስ አበበ አረጋይ በመንዝና በተጉለት ሲመሩት የነበረው ትግል ለእኛ የአያት ወሬ ነው፤ በ1931 ጣሊያን በመንዝ ዘረት አመፀኛ ዋሻ ውስጥ በተጠለሉት ላይ የመርዝ ጋዝ መጠቀሙን ትምህርት ቤት ሳይገባ የሰማ ብዙ ሰው አለ። ርዕሱን በማልጠቅሰው አንድ መጽሐፍ ውስጥ ሁለት አፍቃሪዎች ዋሻ ውስጥ ፋኖስ አብርተው ሌሊቱን ሙሉ ዓይን ለዓይን ሲተያዩ ያድራሉ። እኔ እንኳ ወድጄው ነበር። አንድ አንባቢ ግን «የተሸሸገ ሰው መብራት አያበራም። አያቴ እሳት ያነድዱ የነበረው ጉም ሲወርድ ብቻ ነው፤ ጭሱ እንዳይለይ» ብሎ ጽፏል። ደራሲው ይህን አንድ መስመር ቢያገኝ ኖሮ ከፋኖሱ የሚበልጥ ትዕይንት ይጽፍበት ነበር፦ ሁለት ሰዎች ለመሞቅ ጉም ሲጠብቁ።

በቅርቡ ጦርነት ላይ ለተጻፉት ደግሞ ምሕረት የለም። በ2014 ኅዳር ውጊያው ሸዋሮቢትና ደብረ ሲና ሲደርስ ሕዝቡ ወደ ደብረ ብርሃን የሸሸው በዚሁ መንገድ ነው፤ ስለዚህ መንገዱን ማንም አያታልለውም። የአንዱ ልብ ወለድ ጀግና ፍቅረኛውን አዝሎ ከሸዋሮቢት ተነሥቶ «ጣርማበርን ወርዶ ደብረ ሲና ገባ» ይላል። በወረቀቱ ላይ በቀይ ተሰምሮ፦ «ከሸዋሮቢት የሚመጣ ሰው ደብረ ሲናን አልፎ ነው ጣርማበርን የሚወጣው። ሳይወጣ እንዴት ወረደ?» እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ልጅቷ በግንቦት፣ ያውም ቆላው ሸዋሮቢት ላይ፣ ጋቢ ለብሳ ትንቀጠቀጣለች። ለዚህ የተሰጠው መልስ አንድ ቃል ብቻ ነው፦ «ወባ?»

ሰዎቹ ግን ክፉዎች አይደሉም። እዚያው መጽሐፍ ላይ ልጅቷ ስትሸሽ የቤቷን ቁልፍ ይዛ የምትወጣበትን ገጽ «ይህ እውነት ነው» ብለው የፈረሙበት ብዙ ናቸው። አንዱ ቤቱ ከተቃጠለ በኋላም ቁልፉ ኪሱ ውስጥ እንደነበረ ጽፏል። በፍቅሩ ላይ ግን ማንም አልተከራከረም። አስተያየት ሰጪዎቹ ፍቅሩን እንደ ሥጦታ ይቀበሉታል፤ የሚቆጡት መንገዱ ሲሳሳት፣ ልብሱ ሲሳሳት፣ ስንቁ ሲረሳ ነው።

ሥራዬ ልብስ ስፌት ስለሆነ ስለሚቀጥለው መጽሐፍ ረዘም አድርጌ ብናገር ይቅርታ ይደረግልኝ። ነቢይ መኮንን «ነገም ሌላ ቀን ነው» ብለው የተረጎሙት የማርጋሬት ሚቸል ልብ ወለድ በቀኙ መደርደሪያ ላይ ከባዱ ነው። ተርጓሚው በደርግ እስር ቤት ሆነው 3,000 ያህል የሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ እንደጻፉት ይታወቃል፤ አንዱ አንባቢ «ሲጋራ ለሰው ልጅ የጠቀመው ይህን ብቻ ነው» ብሏል። ታሪኩ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ነው፣ ከ1861 እስከ 1865 በፈረንጆች አቆጣጠር፤ ባለታሪኳ ስካርሌት ከጦርነቱ በኋላ ለርስቷ ግብር 300 ዶላር አጥታ፣ የእናቷን አረንጓዴ የከፋይ መጋረጃ አውርዳ ቀሚስ ታሰፋና ሬት በትለር ዘንድ ገንዘብ ልታገኝ ትሄዳለች።

ከፋይ ሰፍቶ የሚያውቅ ሰው እዚህ ጋ ትንፋሹን ይይዛል። ከፋይ ፀጉሩ በአንድ ወገን ይተኛል፤ ቁራጩን ገልብጦ የገጠመ ሰው ቀሚሱ ግማሹ ደምቆ ግማሹ ጠቁሮ ይወጣበታል። የመስኮት መጋረጃ ደግሞ ፀሐይ የመታው እጥፋቱ ይነጣል። ያንን ደብቆ መቁረጥ የባለሙያ ሥራ ነው። በወረቀቱ ላይ አንዷ እንዲህ ብላለች፦ «ልብሱ አላጋለጣትም፤ እጇ አጋለጣት።» ልክ ናት፤ ሬት የነቃባት ሥራ የሻከረውን መዳፏን ሲያይ ነው። ሌላዋ ከሥሯ፣ ከአጣዬ ተፈናቅላ ስትመጣ የተሰጣትን ብርድ ልብስ ለልጇ ካፖርት እንዳሰፋችበት ጽፋለች። ማን እንደሆነች አላውቅም። የብርድ ልብስ ካፖርት ግን በእኔም መኪና ሥር አልፏል። ከቆላ በስስ ልብስ የመጣ ሕፃን ደብረ ብርሃንን አይችላትም። ብርድ ልብስ ጠርዙ ይተረተራል፤ ሁለት ጊዜ ታጥፎ ካልተሰፋ በወሩ ይበተናል። ይህችን ሴት ያነበበ ሰው ስካርሌትን እንደ ቅምጥል ብቻ አይቶ አያልፋትም።

እዚያው ወረቀት ላይ የታሪክ ተማሪ የሚመስል አንድ ሰው ደግሞ ደስታችንን አደፍርሶታል፦ ለስካርሌት ቤት መውደቅ ይህን ያህል ስናዝን፣ ቤቱን የሠሩት ባሮች ማንን እንዳፈቀሩ አንዲት ገጽ አለች ወይ? ማንም አልመለሰለትም። እኔም የምመልሰው የለኝም፤ መጽሐፉ ባርነትን ያስዋበ መሆኑን አለመካድ ብቻ ነው።

ወደ ግራው መደርደሪያ ስንዞር አንባቢው ሌላ ሰው ይሆናል። ጦርነት በሌለበት ፍቅር ውስጥ ሁሉም ሒሳብ ሠራተኛ ነው። አንዲት መምህርት በቦሌ አፓርታማ ትኖራለች፣ በየቀኑ ማኪያቶ ትጠጣለች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ፀጉሯን ትሠራለች። በወረቀቱ ላይ ደመወዝ፣ የቤት ኪራይ፣ ማኪያቶ ተብሎ በዝርዝር ተደምሮ መጨረሻ ላይ «ጉድለቱን ማን ይሸፍናል?» የሚል ጥያቄ ተቀምጧል። ደራሲው ያላሰበውን ምሥጢራዊ ፍቅረኛ አንባቢዎች በዚህ መንገድ ፈጥረውላታል፤ ከተጻፈው ታሪክ ይልቅ ያኛው ይጥማል።

ከውጭ አገር ተመልሶ የሚመጣው ሀብታም ልጅም ብዙ ተሰድቧል። ዓረብ አገር ሠርታ የተመለሰችው ልጅ ስትመጣ ግን ሰው ይጠነቀቃል፤ ብዙዎቹ እህት አላቸው።

በጣም የገረመኝ በስልክ ምክንያት ስለተለያዩት ጥንዶች የተጻፈው ነው። ልጁ አንድ ነገር በስሕተት ይረዳል፣ ልጅቷ አትደውልም፣ እንዲህ እያለ መጽሐፉ ወደ ማለቂያው ይደርሳል። ቀድመው የጻፉት «አንድ ጊዜ ብትደውል ያልቅ ነበር!» ብለው ተሳልቀዋል። ከ2015 ክረምት ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ አንዳንዴም ስልኩ ጭምር ጭጭ ሲል፣ መጽሐፉ እንደገና ይወጣ ጀመር። ከዚያ በኋላ ያሉት አስተያየቶች ቃናቸው ሌላ ነው። «አሁን ገባኝ» ይላል አንዱ። ደራሲው የደከመበትን ነገር ኔትወርኩ አዳነለት።

በእኔ አስተያየት የቀኙ መደርደሪያ ደራሲዎች ይቀልላቸዋል። አፍቃሪዎችን ለመለየት ጦርነቱ ይበቃል፤ ዝመት ይባላል፣ ይዘምታል፣ ገጹ ይሞላል። አንባቢም ሐዘን ስላለበት ፍቅሩን አይመረምርም። በሰላም ጊዜ፣ በአንድ ከተማ፣ ሁለቱም ስልክ ይዘው የሚለያዩ ሰዎችን የሚጽፍ ግን ምክንያቱን ከራሳቸው ጠባይ ማውጣት አለበት። አብዛኞቹ ይህን ሳይችሉ አንዱን ካንሰር ያስይዙታል። ባለቤቱ ይህን ብነግራቸው «ልጄ፣ ግራውን የምታነቢው ለመቆጣት፣ ቀኙን ለማልቀስ ነው፤ ለሁለቱም ሒሳቡ አንድ ነው» አሉኝ። ለነጋዴ ጥሩ መልስ ነው።

አሁን ወደ ጥፋቱ ልምጣ። ከግራው መደርደሪያ አንድ መጽሐፍ የመጨረሻ ገጾቹ ተገንጥለው ጠፍተዋል፤ ይህ ሳይነገረኝ ሙሉ ኪራይ ከፍያለሁ። መጽሐፉን የወሰዱ ሰዎች መጨረሻውን በየራሳቸው ጽፈውበታል፦ በአንዱ ይጋባሉ፣ በአንዱ እሷ ካናዳ ትሄዳለች፣ በሦስተኛው ልጁ መነኩሴ ሆኖ ደብረ ሊባኖስ ይገባል። ባለቤቱ ሙሉውን ቅጂ ለመግዛት እምቢ ያሉት ጎደሎው የበለጠ ስለሚከራይ ነው። ይሁን፤ ግን ዋጋው ይቀነስ፣ አስቀድሞም ይነገር።

ከዚህ የሚብሰው ነጩ ቀለም ነው። አንድ ደንበኛ «መጨረሻውን ከወረቀቱ አየሁት» ብሎ ስለተቆጣ፣ ባለቤቱ ታሪክ የሚያወጡትን መስመሮች በማጥፊያ መቀባት ጀምረዋል። የተቀባው ግን ምርጡ ነው። የኋላ ሽፋኑን ገልጦ ያነበበ ሰው በራሱ ይፍረድ፤ ካልሆነም ወረቀቱን በፖስታ አድርጎ መለጠፍ ይቻላል፤ ፖስታውን እኔ በነፃ እሰፋለሁ ብያለሁ። የወንድማቸው ልጅ መጽሐፉን ስታስረክብ «እትዬ፣ መጨረሻ ላይ ይሞታል፣ አይዞሽ» የምትለውን ግን ምንም ቀለም አያጠፋውም።

ከአምስት አራት እሰጣቸዋለሁ። እሑድ ዝግ ነው፤ በበዓል ዋዜማ መያዣ በዝርዝር ብር አይመለስም፣ ስለዚህ ሙሉ ብር ይዞ መሄድ ነው። «ኦሮማይ»ን የሚፈልግ ተራ ይጠብቃል፤ አሁን እኔ ዘንድ ነው፣ የሮማንን ነገር ገና ጽፌ አልጨረስኩም።