ከፋሲካ እስከ ጥምቀት ከእግር መኪናዬ ጋር

የልብስ ስፌት መኪናውን የገዛሁት ባለፈው መጋቢት ነው። ደብረ ማርቆስ ውስጥ የልብስ ስፌት ሥራቸውን በእርጅና ከተዉ አንድ አባት፣ በ14,500 ብር። ጥቁር ነው፤ ጭንቅላቱ ከባድ ብረት፣ ከሥሩ በእግር የሚረገጥ ፔዳል፣ የሚሰፋውም ቀጥ ያለ ስፌት ብቻ። የአምራቹን ስም የማልጠራው ለማድበስበስ አይደለም። አንገቱ ላይ የነበረው ወርቃማ ጽሑፍ ተፍቆ አልቋል፤ የውስጥ ዕቃውም ባለፉት ዓመታት ከሌሎች መኪኖች እየተለቃቀመ የገባበት ስለሆነ ምስጋናውም ወቀሳውም ለአንድ ፋብሪካ የሚሰጥ አይደለም።

ባለቤቴ «በዚህ ዘመን በእግር?» ብሎ ስቆብኝ ነበር። የእኔ ሐሳብ ግን ልብስ ሰፊ መሆን አልነበረም። በዓል በመጣ ቁጥር ለእናቴ፣ ለአማቴ፣ ለእህቶቼና ለልጆቻቸው የምይዘው ነገር ያስጨንቀኛል። የመሶብ ልብስ፣ የነጠላ ከረጢት፣ ሽርጥ፣ የትኩስ ጀበና መያዣ፣ የፀጉር ማሰሪያ ራሴ ልስፋ ብዬ ነው የገዛሁት። ሱሪና ኮት መስፋት የሚፈልግ ሰው ከዚህ ጽሑፍ ብዙም አይጠቀምም።

የመጀመሪያው ወር ጸጸት ነበር። እግሬ ሲረግጥ መዘውሩ ወደ ኋላ ይዞራል፣ ክሩ ከሥር ይተበተባል፣ ይበጠሳል። ዘዴው ቀላል ሆኖ ተገኘ፤ ከመርገጥ በፊት በቀኝ በኩል ያለውን መዘውር በእጅ ወደ ራስ ማዞር፣ እግርም እሱን ተከትሎ መግባት። ይህን እስክለምድ ሦስት ምሽት ክር ሳላስገባ የልጄን አሮጌ ደብተር ቅጠሎች በመስመራቸው ላይ ስወጋ አመሸሁ። በአሮጌ መርፌ ነው ታዲያ፤ ወረቀት መርፌ ያደነዝዛል።

ከዚያ የራሴን ጥፋት ጨመርኩበት። መኪናው ሲንቋቋብኝ ከወጥ ቤት የምግብ ዘይት አምጥቼ በየቀዳዳው ጠብ ጠብ አደረግሁለት። ለአንድ ሳምንት ዝም አለ። በሁለተኛው ሳምንት ዘይቱ እንደ ሙጫ ደርቆ መዘውሩ አልንቀሳቀስ አለ። የሸጡልኝን አባት ለምኜ አመጣኋቸው። ጣታቸውን ዘይቱ ላይ አሻሹና አሽተው «ልጄ፣ ወጥ ልትሠሪበት ነው እንዴ?» አሉኝ። ግማሽ ቀን ሙሉ በላምባ እያጠቡ የደረቀውን አስለቀቁት፤ በመጨረሻም እንደ ውኃ የጠራውን የስፌት መኪና ዘይት ጠብ አደረጉበት። ከዚያ ወዲህ ሥራ በበዛበት ሳምንት በየቀዳዳው አንድ ጠብታ አደርግና ትርፉን ዘይት እንዲመጥልኝ መጀመሪያ ቁራጭ ጨርቅ እሰፋበታለሁ። ይህን የጀመርኩት የፋሲካን የመጀመሪያ ስጦታ ነጭ አቡጀዲ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ካየሁ በኋላ ነው።

ሌላም ነገር ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። መርፌ በአንድ ጎኑ ረጅም ቦይ አለው፤ ክሩ መግባት ያለበት ቦዩ ካለበት ጎን ነው። ተገልብጦ ከገባ መኪናው ስፌት ይዘላል። እሳቸው እንዳሉት በዚህ ምክንያት ብቻ «ተበላሸ» ተብሎ በርካሽ የተሸጠ መኪና ገዝተው ያውቃሉ።

አሁን ወደ መሶብ ልብሱ። እስካሁን ሰባት ሰፍቻለሁ፤ ይህ መኪና ከሁሉም በላይ የተመቸኝ ለዚህ ነው። የእናቴ መሶብ ክዳኑ ሰፊው ቦታ ላይ 50 ሳንቲ ሜትር ነው። ይህን በ3.14 ሳባዛው ዙሪያው 157 መጣ፤ ለስፌት 3 ጨምሬ 160 ቆረጥኩ። ሒሳብ የማይወድ ሰው ክር ያዙርበት። መሶብ በእጅ የሚሰፋ ስለሆነ ፍጹም ክብ አይሆንም፤ እንዲያውም ከሒሳቡ ይልቅ ክሩ ይታመናል። አቡጀዲውን ግን ሳያጥቡ መቁረጥ ስህተት ነው። የመጀመሪያው ሽፋኔ ከአንድ እጥበት በኋላ ተሸማቅቆ ከመሶቡ አንገት በታች አልወርድ አለ፤ እናቴም «ለድስት ይሆናል» ብላ አጽናናችኝ።

ጥለቱን የማገኘው ካረጁ የሐበሻ ቀሚሶች ጫፍ ነው። እዚህ ላይ መኪናው ይፈትናል። ጥለቱ በክር የታጨቀ፣ ሸማው ደግሞ ስስ ስለሆነ ሁለቱ አብረው ሲሄዱ ሸማው ይሸበሸባል። መፍትሔ የሆነኝ የላይኛውን ክር ትንሽ ማላላት፣ የስፌቱን ርዝመት ወደ 3 ሚሊ ሜትር ማሳደግ፣ ከሸማው ሥር ስስ ወረቀት አንጥፎ አብሮ መስፋትና በኋላ ወረቀቱን ቀዶ ማውጣት ነው። በዚያ ላይ ሸማ ጠርዙ ይተረተራል፤ መኪናዬ ደግሞ ዚግዛግ የለውም። ስለዚህ ሁለቱን ጨርቆች መጀመሪያ ጀርባ ለጀርባ አድርጌ በጠባቡ እሰፋለሁ፣ ትርፉን እከረክማለሁ፣ ከዚያ ገልብጬ ፊት ለፊት አድርጌ እደግመዋለሁ። የተበጣጠሰው ጠርዝ በሁለቱ ስፌቶች መካከል ታስሮ ይቀራል። ሥራው እጥፍ ነው፤ ግን ከውስጥ ሲያዩት ከውጭው የማያንስ ንጹሕ ነው፤ እኔ ደግሞ ስጦታ ሲሰጠኝ መጀመሪያ የምገለብጠው ውስጡን ነው።

መኪናው ጋቢ አይወድም። በግልጽ ልናገር። ጋቢ በተፈጥሮው አራት እጥፍ ነው፤ ጠርዙን አንድ ጊዜ ሲያጥፉት ስምንት ይሆናል። ካረጀ ጋቢ ለጀበና መያዣ ስሠራ 90 ቁጥር መርፌ ሁለቴ ሰበርኩ። ወፈር ባለው በ110 ቁጥር መሃሉን ይወጋል፣ ማዕዘኑ ላይ ሲደርስ ግን መዘውሩን በእጅ እያዞርኩ ካልሆነ አይሄድም፤ ሄዶም አንዳንዴ ስፌት ይዘላል። አሁን ማዕዘኑን በወፍራም ክር በእጄ እወሰውሰዋለሁ። በአንጻሩ ጎጃም አዘነ የምንለውን አረንጓዴ ጨርቅ በ100 ቁጥር መርፌ ያለ ምንም ማጉረምረም ይሰፋል። ለአማቴ ከእሱ የሰፋሁላት ሽርጥ ስምንት ወር በየቀኑ ታጥቃው አንድ ስፌት አልለቀቀም።

ሰኔ ላይ ባለቤቴ ትንሽ ሞተር ገዝቶ አመጣ። ፔዳሉን ከመዘውሩ የሚያገናኘውን ቺንጋ አውልቆ ሞተሩን በጎን አሰረው፤ አውቶቡስ የሰጠኝ ያህል ነበር ኩራቱ። ለቀጥተኛ ስፌት ፈጣን ነው፤ አልክድም። የመሶብ ልብስ ክብ ላይ ግን ሳላስበው ከመስመር ወጥቶ ስንት ጊዜ እንዳስተረተረኝ! በእግር ስረግጥ መርፌዋን ጨርቁ ውስጥ አቁሜ፣ ጨርቁን በትንሹ አዙሬ፣ አንድ ስፌት ብቻ ልጨምር እችላለሁ። ሞተሩ አንድ ስፌት ብሎ ነገር አያውቅም። የቡሄ ዋዜማ ደግሞ መብራት ጠፋ፤ ለእህቶቼ ልጆች የጀመርኩት የሙልሙል ኮሮጆ ግማሹ ቀርቶ በሻማ ብርሃን ቺንጋውን መልሼ አስገባሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሞተሩ ካርቶኑ ውስጥ ነው።

ክረምቱ ሌላ ጉዳይ ነው። የእኛ ከተማ ነሐሴን የሚያውቅ ያውቀዋል። የቆዳው ቺንጋ በእርጥበቱ ረዝሞ መንሸራተት ጀመረ፤ ጥቂት ቆርጬለት በሽቦ መቆንጠጫው መልሼ ያዝኩት። መርፌ የሚወጣበት ብረት ላይ ዝገት ታየ። አሁን ሳልሠራበት ስውል ዘይት የነካ ጨርቅ ከመርፌው አጠገብ ጨርቅ ከሚጫነው እግር ሥር አድርጌ በአቡጀዲ አለብሰዋለሁ፤ ዝገቱም አልተመለሰም።

በእንቁጣጣሽ ያሰብኩት ስጦታ ግን ሳይሰጥ ቀርቷል። ለዘጠኝ ዓመቷ ልጄ ከአረንጓዴ ጨርቅ የራስ ጉንጉን ሰፋሁላት፤ ልጃገረዶች ለአዲስ ዓመት ከመስክ ነቅለው የሚጎነጉኑትን የእንግጫ ሣር እንዲመስል ጨርቁን በቀጭኑ ቆርጬ እንደ ሹሩባ ጎንጉኜ፣ ውስጡን ላስቲክ አስገብቼ። ጓደኞቿ ጋር እንግጫ ነቀላ ልትወጣ ስትል ሰጠኋት። አገላብጣ አየችና «እማዬ፣ እንግጫ ይነቀላል እንጂ ይሰፋል እንዴ?» ብላኝ ወጣች። ጠዋት ላይ ከመስክ ያመጣችውን እርጥቡን ጎንጉና አናቴ ላይ አደረገችልኝ። የእኔው ጉንጉን አሁን የመጋረጃ ማሰሪያ ሆኗል።

ለገናና ለጥምቀት ዐሥራ ሁለት የነጠላ ከረጢት ሰፋሁ፤ 30 በ40 ሳንቲ ሜትር፣ አፉ በገመድ የሚሳብ፣ ውስጡ ገበር ያለው። የመጀመሪያው ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ፣ የመጨረሻው ዐርባ ደቂቃ። ዐሥር ወር ውስጥ ለመኪናው ያወጣሁት ለሁለት ፓኬት መርፌ፣ ለአንድ ጠርሙስ ዘይትና ለክር ብቻ ነው። በክር ላይ መቆጠብ እንደማያዋጣ ግን ተምሬያለሁ፤ ርካሹ ክር ሲጎትቱት ፀጉር ያበቅላል፣ የመርፌ ዓይን ውስጥ ይከማቻል፣ ከዚያ ሰው መኪናውን ይሰድባል። ከሥር ክሩ ቀለበት ቀለበት ሲሠራም እንዲሁ ነው። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ከላይ ክሩ በአግባቡ ሳይገባ መቅረቱ ሆኖ ሳለ ሰው የታችኛውን ብሎን ያላላል።

ማንም ያላስጠነቀቀኝ ጉድለት ጎረቤት ነው። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለውን ሁሉም ያውቃል፤ በጥምቀት ዋዜማ ደጄ ላይ አራት ቀሚስ፣ ሁለት የተበጠሰ ዚፕና «አንዴ ብቻ፣ ሰፍቶብኛል፣ አጥብቢልኝ» የሚል ድምፅ ተሰልፎ ነበር። እምቢ ለማለት የማያፍር ፊት የሌለው ሰው መኪናውን መስኮት የሌለው ክፍል ውስጥ ያስቀምጥ።

ዳግመኛ ብገዛ ይህንኑ እገዛለሁ፤ ሞተሩን ግን አልገዛም። ለመጪው ፋሲካ ሁለት መሶብ ልብስ ታዟል፤ አንዱ የእናቴ ነው፣ የቀድሞውን አክስቴ «ለመለኪያ» ብላ ወስዳ አልመለሰችም።