በላስቲክ የታሸገ የልጆች የታሪክ ልቦለድ ለመግዛት ላሰባችሁ ወላጆች

ይህን የምጽፈው ንዴቴ ገና ሳይበርድልኝ ነው። የካቲት ሲቃረብ በየአውደ ርዕዩና በየመንገዱ ዳር ጠረጴዛ ዘርግተው የልጆች የታሪክ መጻሕፍት የሚሸጡትን ሰዎች ታውቋቸዋላችሁ፤ «ኦርጅናል ነው»፣ «የቀረው ይህ ብቻ ነው»፣ «ለእርስዎ ስለሆነ ነው» የሚለውን ቃላቸውንም እንዲሁ። እኔም አውቀው ነበር። ሆኖም የአድዋ በዓል ከመድረሱ በፊት ልጄ እንዲያነበው ብዬ፣ ከመቅደላ እስከ አድዋ ያለውን ዘመን በየቅጹ በአንድ ታዳጊ ልጅ በኩል የሚተርክ ባለ አራት ቅጽ ልቦለድ በ1,400 ብር ገዛሁ።

ከአእምሮዬ ሊወጣ ያልቻለው መጽሐፉ ከእጄ የተወሰደበት ቅጽበት ነው። ሻጩ መጀመሪያ የሰጠኝ የተከፈተ ቅጂ ነበር፤ ወረቀቱ ነጭና ወፈር ያለ፣ ፊደሉ ጥርት ያለ ሲሆን፣ ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ዳገቱን ሲጎተት የሚያሳየው ባለ ቀለም ሥዕል ደግሞ ልጄ ሲያየው የሚሰማውን ደስታ አስቀድሞ እኔ እንዲሰማኝ አደረገ። ገንዘቡን ቆጥሬ እንደሰጠሁት መጽሐፉን ቀስ አድርጎ ከእጄ ወሰደና «ይሄ ማሳያ ነው እናቴ፣ ሰው ሁሉ ነካክቶታል፤ ለልጅዎ አዲሱን ልስጥዎት» ብሎ ከጠረጴዛው ሥር ጎንበስ አለ። ይዞት የወጣው በላስቲክ ጥብቅ ተደርጎ የታሸገ ጥቅል ነበር። የላስቲኩን ጥግ በጥፍሬ መቅደድ ስጀምር መዳፉን እጄ ላይ አሳርፎ «ከተቀደደ አይመለስም» አለኝ። እኔም ተውኩት። ገንዘቤን ከፍዬ፣ የራሴ የሆነውን ዕቃ እንዳልከፍት ተከልክዬ፣ ለምን ብዬ እንኳ ሳልጠይቅ ሄድኩ። ደረሰኝ ስጠይቀውም ማሽኑ ተበላሽቷል ስላለኝ ዝም አልኩ። እስካሁን ራሴን የምወቅስበት ይህ ዝምታዬ ነው።

ቤት ገብተን ስንከፍተው ወረቀቱ ግራጫ፣ ሥዕሎቹም ቀለም የፈሰሰባቸው ሆነው አገኘናቸው። በመጀመሪያው ቅጽ ውስጥ ከገጽ 32 ቀጥሎ ተመልሶ ገጽ 17 ይመጣል፤ እንደገና 32 ላይ ሲደርስ ወደ 49 ይዘላል። የጠፉት 16 ገጾች ልዑል ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ ከተወሰደ በኋላ የደረሰበትን የሚተርኩት ናቸው። አባቱ ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሲሞቱ የሰባት ዓመት ልጅ የነበረው፣ እናቱን እቴጌ ጥሩወርቅን በጉዞው ላይ ያጣው፣ በ18 ዓመቱ በባዕድ አገር ያረፈው ልጅ በዚህ መጽሐፍ ውስጥ በመንገድ ላይ ጠፍቶ ቀርቷል።

የባሰው ገና አልመጣም ነበር። ልጄ እስከ አራተኛው ቅጽ አንብቦ ሲጨርስ «እማዬ፣ ዓለማየሁ አድዋ ላይ ለምን አልዘመተም? ሃያ ሰባት ዓመቱ አልነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። ግራ ተጋብቼ ሳገላብጥ የመጀመሪያው ቅጽ የመቅደላን ጦርነት «በ1868 ዓ.ም.» ይለዋል፤ አራተኛው ደግሞ አድዋን በ1888 ዓ.ም. ያደርገዋል። አንዱ በፈረንጆች፣ ሌላው በእኛ አቆጣጠር ነው። በእኛ አቆጣጠር መቅደላ 1860 ስለሆነ በሁለቱ መካከል ያለው 28 ዓመት ነው፤ ልዑሉም ያረፈው በ1872፣ ከአድዋ 16 ዓመት አስቀድሞ ነው። ልጄ ሒሳቡን በትክክል ሠርቷል፤ የተሳሳተው የተሰጠው ቁጥር ነው። ሞቱን የሚናገሩት ገጾችም ስለሌሉ ስህተቱን የሚያርምበት መንገድ አልነበረውም።

በማግሥቱ መጻሕፍቱን ይዤ ተመለስኩ። ትናንት «እናቴ» ያለኝ ሰው ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሣ «ሴትዮ፣ የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» አለኝ። የጎደሉትን ገጾች ከፍቼ ሳሳየው «ለልጅ አይደል እንዴ? ልጅ ገጽ ይቆጥራል?» ሲል አጠገቡ ያለው ረዳቱ ሳቀ። ስለ ዓመተ ምሕረቱ ስነግረውም «ልቦለድ እኮ ነው፣ ፈጠራ ነው» ብሎ ወደ ሌላ ገዢ ዞረ። ለዚያችም ሴት ያንኑ የተከፈተ ማሳያ ሲያቀብላት ቆሜ አየሁ። እንዳትገዛ ነገርኳት፤ እሱ ግን «ይህች ሴትዮ ጠብ ፈልጋ ነው» ሲላት ሁለታችንንም እያየች ሄደች።

ለልዑሉ የጨዋታ ጓደኛ ፈጥሮ መስጠት፣ ያልተመዘገበ ንግግር ማናገር የልቦለድ ጸሐፊ መብት ነው፤ ይህን አልቃወምም። ዓመቱን ማዛባት ግን ፈጠራ አይደለም። አዋቂ አንባቢ ስህተቱን ከሌላ መጽሐፍ ጋር አስተያይቶ ያርመዋል፤ የ11 ዓመት ልጅ ግን ያነበበውን አምኖ ይዞት ያድጋል። ለልጅ ነው ተብሎ ሊናቅ ቀርቶ፣ ለልጅ ስለሆነ የበለጠ መጠንቀቅ ይገባ ነበር።

እናንተ ማሳያውን አትመኑ፤ የምትወስዱትን ጥቅል እዚያው አስከፍታችሁ የገጽ ቁጥሩን ተከታትላችሁ እዩ፣ ዓመተ ምሕረቱንም አስተያዩ። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀናት ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት እንደሰጠው የተረዳሁት ዘግይቼ ነው፤ ስለዚህ ማሽኑ ተበላሽቷል ቢሏችሁም ያለ ደረሰኝ አትክፈሉ።