ሸዋ ሮቢት፣ መናኸሪያው አካባቢ ያለችው ጭማቂ ቤት

ጣርማበርን ወርደን ጋቢዬን አጣጥፌ ሳልጨርስ የሮቢት ሙቀት ተቀበለኝ። መናኸሪያው አካባቢ ካለች ጠባብ ጭማቂ ቤት ገብቼ የፓፓያና የማንጎ ስፕሪስ አዘዝኩ። ወፍራም ነው፣ በማንኪያ ነው የሚበላው፤ ሎሚው ለብቻው ይመጣል። ደብረ ብርሃን ላይ እንዲህ የበሰለ ፓፓያ ቀምሼ አላውቅም።

ባለቤቱ ግድግዳው ላይ በቀለም ሮቢ፣ ጀውሃ፣ አታዬ ብሎ ጽፏል።

«እነዚህ ሁሉ መጀመሪያ ወንዝ ናቸው ጋሼ፣ ከተማው በኋላ ነው የመጣው» አለኝ።

የደብረ ብርሃኑ የበሬሳ ወንዝ ልጅ ነኝና ዝም አላልኩም። «ጫጫስ? እሱም ወንዝም ከተማም ነው፣ ለምን ተረሳ?»

«እሱ የእናንተ ነው፤ ጀማ ወንዝ ገብቶ ወደ አባይ ይሄዳል። የእኛዎቹ ወደ አዋሽ ነው የሚወርዱት።»

እውነቱን ነው። ግን የበኩር ልጁን ስም ብጠይቀው «አባይ» ብሎኝ አረፈ! አዋሽ እያለ? ሁለታችንም ሳቅን።

ዋጋው ከደብረ ብርሃን ይቀንሳል፣ ብርጭቆውም ንጹሕ ነው። ቅር ያለኝ መታጠቢያው ነው፤ ቧንቧው ደርቋል። ሦስት ወንዝ ከተጻፈበት ግድግዳ ሥር ቆሜ በጆግ አስታጠቡኝ።